ሙት ወቃሽ አያድርገን፤ ቋሚ ወቃሽስ?

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ቀበርን። ሃያ ዓመት ያህል በአንድ ኮሪደር ተመላልሰን፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ተቀዳድተን የኖርን ሰዎች ነን። «አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ» ተብዬ የሕይወት ታሪኩን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መጻፉ አልከበደኝም። ደመወዙ ለራሱ ሳይበቃው ለድሃ ተማሪዎች መጽሐፍ ይገዛ እንደነበር፣ የተማሪ ወረቀት ሲያርም በቀይ ከሚሰርዘው ይልቅ ዳር ዳሩን በእርሳስ የሚጽፈው ምክር ይበዛ እንደነበር፣ አንድም ቀን ሰውን በሰው ፊት አዋርዶ እንደማያውቅ ዘረዘርኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲነበብ ሰው ሁሉ አነባ። እኔም በገዛ ጽሑፌ አለቀስኩ።

በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ከባለቤቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ያ ያስነበብከው ሁሉ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እንዴታ! ቀንሼ እንደሆነ እንጂ አልጨመርኩም» አልኳት።

«እንግዲያ አንድ ቀን እንኳ ምነው ሳትነግሩት ቀራችሁ? እሱ እኮ ‹ለማንም ሳልጠቅም ዕድሜዬን ጨረስኩ› እያለ ነው የሞተው።»

መልስ አልነበረኝም። ከቀረበልኝ ንፍሮ ዘገን አድርጌ ዝም አልኩ። ንፍሮው ግን አልዋጥ አለኝ።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ የሚነሣው ከዚህች ሴት ጥያቄ ነው። እኛ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች በጎ ቃልን ለሬሳ የምናስቀምጠው ለምንድን ነው? ስለሞተ ሰው ክፉ ሊናገር የተነሣ ሁሉ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ይላል። መልካም ልማድ ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ቋሚ ወቃሽ አያድርገኝ» ሲል የሰማችሁት ሰው አለ? እኔ አልሰማሁም። የማይሰማውን ሰው ላለማስቀየም እንጠነቀቃለን፤ ሰምቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ የሚያድረውን ግን እንደ ልባችን እንናገረዋለን። ሙሾ ለሟች፣ ወቀሳ ለቋሚ ሆኗል ክፍፍላችን።

ይህን ባነሣሁ ቁጥር የሚመለሱልኝ መልሶች አራት ናቸው። አራቱንም እየደጋገምኩ ስለሰማኋቸው ተራ በተራ ላቅርባቸው።

የመጀመሪያው የግልጽ ሰው መልስ ነው። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ። ያየሁትን ፊት ለፊት ነው የምናገረው። ሆዴ ውስጥ ምንም የለም!» ይላል፤ ደረቱን እየደቃ። እውነቱን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ምንም የለም። የነበረውን በሙሉ እኛ ላይ ደፍቶታል። ይህን ግልጽ ሰው ግን አንድ ቀን ወደ አለቃው ቢሮ ሲገባ ተከተሉትና እዩት። ያ ግልጽነት በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ይቀራል። «እርስዎ እንዳሉት ነው ጌታዬ» ብሎ ይወጣና በረንዳው ላይ የምትወለውለዋን ሴት «ዓይንሽ አያይም እንዴ?» ይላታል። ግልጽነቱ ለምን ወደ ታች ብቻ ይፈስሳል? ውኃ ነው እንዴ?

በሰው ከመፍረዴ በፊት ግን የራሴን ልናገር፤ ምክንያቱም እኔም የዚህ ማኅበር አባል ነበርኩ፤ ያውም ከመሥራቾቹ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ከገጠር የመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስለ እናቱ ግጥም ጽፎ አመጣ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለትና፣ «ልጄ፣ ቤት መምታቱን ትተህ ቤት መሥራቱን ብትሞክር ይሻልሃል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት በቤት ላይ የገነባሁት ቅኔ ስለሆነ እኔም በራሴ ኮራሁ። ልጁ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍል መቀየሩን እንኳ ልብ አላልኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ ባንክ ገባሁ። ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ ጉዳዬንም በአሥር ደቂቃ ጨረሰልኝ። «መምህር፣ አላስታወሱኝም?» አለኝ። አላስታወስኩትም። «ቤት መሥራቱን ሞክር ብለውኝ ነበር እኮ! ሠራሁ፤ ሁለት ክፍል አለችኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁና «ግጥሙስ?» አልኩት። «ተውኩት፣ መምህር። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ። ቂም አልነበረበትም። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ግጥሙ መጥፎ ከነበረ ምን ታደርግ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ግጥሙ ደካማ ነበር። ነገር ግን መሐሉ ላይ እናቱ እንባዋን «ጭሱ ነው» እያለች ስለመደበቋ የምትናገር አንዲት ሐሳብ ነበረችበት። አይቻታለሁ። ጥሩ መሆኗንም አውቄያለሁ። ግን ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ሳቁን ታበላሽብኝ ነበር። ስለዚህ «እውነት ተናገርኩ» ብል ውሸቴን ነው። የተናገርኩት የእውነቱን ግማሽ፣ ያውም ለእኔ የሚያስጨበጭበውን ግማሽ ነው። ወገኖቼ፣ የግልጽ ሰው ሁሉ ችግር ይኸው ነው። ጉድለትን ለማየት ሁለት ዓይን ያበራል፤ መልካሙን ለማየት ሲሆን ሁለቱንም ይጨፍናል፤ ከዚያ «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» ይላል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 ላይ ለክርስቲያን ንግግር ያስቀመጠው መለኪያ እኮ ቃሉ እውነት መሆኑ ብቻ አይደለም። ለሚሰማው ሰው የሚጠቅም፣ የሚያንጽ መሆኑም ነው። ሁለቱን አይነጣጥላቸውም። የምንነጣጥላቸው እኛ ነን።

እርግጥ ነው፣ ነገር አዋቂነትን የምናከብር ሕዝብ ነን። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሰምና ወርቅ ከሚሰጣቸው ግልጋሎቶች አንዱ ሰውን በተፈቀደ ደንብ መስደብ መሆኑን ጽፏል። እኔም ይህን ለዓመታት እንደ ቁም ነገር አስተምሬዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ማስተማሬ አይደለም፤ ሳስተምረው እየተለማመድኩት መሆኔ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ሰውን ማመስገን ያበላሸዋል» የሚለው ነው። ይህ ሥሩ ጥልቅ ነው። ሕፃን አይተን «ሲያምር!» ካልን በኋላ እትፍ እትፍ ካላልንበት እናቱ ትከፋለች፤ ዓይን ያስፈራታላ። ልጁ አድጎ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ አባትየው «ምን አለ፣ ሌሎቹ ሰነፎች ሆነው ነው» ይለዋል፤ «ልቡ እንዳያብጥ» እያለ። እናት ደግሞ ጎረቤት ፊት «ይሄ ደነዝ!» ትለዋለች፤ ፍቅሯ ነው። ልጁ ግን ፍቅሩን ሳይሆን ቃሉን ይሰማል። እንዲህ ተብሎ ያደገ ልጅ መምህር ሲሆን «ከብት!» ይላል፤ ሐኪም ሲሆን በሽተኛውን ይቆጣል፤ ባል ሲሆን ወጡ የጎደለውን ጨው ይናገራል እንጂ የጣመ ቀን ዝም ብሎ ይበላል። «ዝም ካልኩ ጥሩ ነው ማለት ነው» ይላታል። ለመሆኑ ይህ ሰው እግዚአብሔር ጸሎቱን በዚህ ዓይነት ዝምታ ቢመልስለት ደስ ይለዋል?

«ምስጋና ያበላሻል» ለሚል ክርስቲያን አንድ ሰው ላስተዋውቀው፤ በርናባስን። የቆጵሮስ ሌዋዊ ነው፤ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ዮሴፍ ነበር። ሐዋርያት ናቸው በርናባስ ያሉት፤ ትርጉሙንም የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 4 ላይ የማጽናናትና የማበረታታት ልጅ እንደ ማለት ይፈታዋል። ጸሐፊው ለዚህ ፍቺ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል እኛ በየዓመቱ ከምናከብረው የጰራቅሊጦስ በዓል ስም ጋር ከአንድ ሥር የሚመዘዝ ነው። አስተውሉልኝ፤ ማጽናናት የጨዋነት ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። መንፈስ ቅዱስ የተጠራበት ስም ነው።

በርናባስ ታዲያ ምን ሠራ? ጣፋጭ ቃል እየተናገረ ዞረ? አይደለም። ሳውል ትናንት ሲያሳድዳቸው ወደ ነበሩት ደቀ መዛሙርት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት፤ ማንም አላመነውም። እጁን ይዞ ሐዋርያት ፊት ያቆመው፣ «ይህ ሰው እንዲህና እንዲህ ሆኖ ነው የተለወጠው» ብሎ የመሰከረለት በርናባስ ነው። በኋላም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ አመጣው። ሁለቱ ዓመት ሙሉ አብረው ያስተማሩባት ያቺ አንጾኪያ ናት ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ «ክርስቲያን» የተባሉባት። ስማችን ራሱ አንድ ሰው በሌላው ላይ ተስፋ ባለመቁረጡ ምክንያት በተሰበሰበ ጉባኤ ውስጥ የተገኘ ስም ነው።

አላበቃም። ወጣቱ ማርቆስ ጉዞውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ «ይህን ልጅ አልወስድም» አለ። ከሥራ አንጻር ካየነው ልክ ነበር። በርናባስ ግን ለልጁ ቆመ፤ በዚህም ከጳውሎስ ጋር ተጣልተው ተለያዩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ይጠይቃል፤ ይጠቅመኛል ብሎ። የጳውሎስ ግልጽነት ብቻ ቢሰማ ኖሮ ማርቆስ የት ይቀር ነበር? የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳስዋን ታስመጣ የነበረው ከእስክንድርያ፣ በማርቆስ ስም ከሚጠራው መንበር ነው። ምስጋና ልጅ ያበላሻል የምትሉ ሆይ፣ አይዞህ የተባለው ልጅ ምን እንደሆነ እዩልኝ።

ሦስተኛው መልስ «ይሄ ሽንገላ ነው፤ ማሽቃበጥ ነው» የሚለው ነው። ይህን መልስ አከብረዋለሁ፤ አገራችን በማሽቃበጥ ብዙ ተጎድታለችና። ሽንገላን ከበጎ ቃል መለየት ግን አያስቸግርም። ቃሉ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ሽንገላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሹመት፣ ብድር፣ ኮንትራት ወዳለበት። በጎ ቃል ምንም ሊመልስልን ወደማይችለው ሰው ይወርዳል። ለሚኒስትሩ «ራዕይዎ ድንቅ ነው» የሚለው ሰው ስንት ነው! ለበር ጠባቂው «ትናንት ሌሊት በዚያ ዝናብ ቆመህ አየሁህ፤ እግዜር ይስጥህ» የሚለውስ?

አማርኛችን ለዚህ ፈተና የተመቸ ቋንቋ ነው፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ ብሎ ለያይቶልናል። አንዳንድ ሌላ ሕዝብ በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ በተናገርን ቁጥር እንድንመርጥ እንገደዳለን። ታዲያ ምርጫችንን ተመልከቱት። ሃምሳ ዓመት የሞላቸውን የቤት ሠራተኛ የሠላሳ ዓመቷ እመቤት «አንቺ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ እሷን «እትዬ» ይሏታል። ልጆቿም እናታቸውን ሰምተው «አንቺ፣ ውኃ አምጪ» ይላሉ። ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ ቅዳሴ ይሄዳል፤ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ አዳራሽ ይገባል። ሴትዮዋ ቤት ትቀራለች። ስሟን የሚያውቀው ስንቱ እንግዳ ነው? «ሠራተኛዋ» ነች። በጎ ንግግር ከየት ይጀመር የሚለኝ ካለ ከዚህ ይጀመር፤ ሰውን በስሙ ከመጥራትና በዕድሜው ከማክበር። ዋጋው ስንት ነው? አንዲት ተውላጠ ስም!

አራተኛው መልስ ከመጽሐፍ ዐዋቂዎች የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ የከበደው ነው። «ጌታስ ፈሪሳውያንን በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር አመሳስሏቸው የለም? ነቢያትስ ነገሥታቱን ሲያወግዙ ለስላሳ ቃል ፈልገው ነበር?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ብሏቸዋል። ነገር ግን ማንን፣ የት፣ ለምን እንዳለ እንይ። ያን ቃል የተናገረው ሥልጣንና መንበር ላላቸው፣ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ጫንቃ ላይ ለሚጭኑ ሰዎች ነው፤ ያውም ፊት ለፊት፣ በሕዝብ መካከል፣ ነፍሱን ሊያስከፍለው እንደሚችል እያወቀ። በምንዝር ተይዛ የመጣችውን ሴት፣ ዛፍ ላይ የወጣውን ቀራጭ፣ ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስን የተናገረው በምን ዓይነት ቃል ነው? በተራራው ስብከት ደግሞ ወንድሙን የሚያንቋሽሽ ስም የሚጠራ ሰው ፍርድ እንደሚጠብቀው ያስተማረው እሱ ራሱ ነው፤ ነገሩን ከነፍስ ግድያ ጋር አያይዞ። እኛ ግን ተገላብጠናል። መቃብር ለምንለው ባለሥልጣን እንሰግዳለን፤ ዛፍ ላይ የወጣውን ምስኪን በድንጋይ እናወርዳለን። ከዚያም «ጌታም ተናግሯል» እንላለን።

ስለ ተግሣጽ ከተነሣ አፈ ወርቅ የምንለውን ዮሐንስን ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ ባለጠጎችንና ቤተ መንግሥቱን በመገሠጹ ከንግሥት አውዶክስያ ጋር ተጋጨ፤ በ407 በስደት ሞተ። የሰላ አንደበቱን ወደ ላይ ሰነዘረ፤ ዋጋውንም ራሱ ከፈለ። ያው ሰው ከዚያ በፊት፣ በ387፣ የአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ ሕዝቡ በግብር ምክንያት ዐምፆ የንጉሡን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች አፈራረሰ። ከተማዋ የንጉሡን ቅጣት ስትጠብቅ በፍርሃት ደርቃ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ዮሐንስ ደጋግሞ እየተነሣ ያንን የፈራ ሕዝብ አጽናና። በዚያው ስብከቱ ታዲያ ከሥጋ መከልከል ብቻውን ጾም እንደማይሆን፣ ወንድሙን የሚያማ ሰው የወንድሙን ሥጋ እንደበላ እንደሚቆጠር ነገራቸው። ወደ ላይ ተግሣጽ፣ ለተሰበረው ማጽናኛ። አፈ ወርቅ ያሰኘው ይህ ነው እንጂ ስድቡ አይደለም።

እነሆ ወደ ጾም ደረስን። የኦርቶዶክስ ምእመን ሰባቱን አጽዋማት፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ ቢጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቀው ጾመ ድጓም ዓይንም፣ አንደበትም፣ ጆሮም እንዲጾሙ ያዝዛል፤ በየዓመቱ ይዜማል፣ በየዓመቱ እንሰማዋለን። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። እኛ በሁዳዴ ቅቤውን በጥንቃቄ እንተዋለን፤ ወለምታውን ግን አልተውነውም። ብስኩቱ ውስጥ ወተት እንዳይኖርበት ጀርባውን ገልብጠን እናነባለን፤ ከዚያ በሽሮው ዙሪያ ተቀምጠን የጎረቤታችንን ትዳር እንበላለን።

የጴንጤ ወንድሞቼ ይህን አንብበው ፈገግ እንዳይሉ ለእነሱም አለኝ። «ተባረክ»፣ «ጌታ ይባርክህ» የሚባለው ቃል ግሩም ነበር። ዛሬ ግን ስልክ መዝጊያ፣ ጭቅጭቅ ማምለጫ፣ አንዳንዴም የስድብ መሸፈኛ ሆኗል፤ «አልገባህም፣ ተባረክ!» እኛ የቀረነውም ብንሆን ከለማኝ ፊት «እግዜር ይስጥህ» ስንል ትርጉሙ «አልሰጥህም» መሆኑን ለማኙም እግዜርም ያውቁታል። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 የተቆጣው እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ለተራበና ለታረዘ ወንድሙ ምንም ሳይሰጥ መልካም ምኞት ብቻ ተናግሮ በሚያሰናብተው። በጎ ቃል እንጀራን አይተካም። እንጀራ ባለበት ግን ያለ ክፉ ቃል እንዲቀርብ ያደርጋል፤ እንጀራ በሌለበት ቀን ደግሞ ሰው እንደ ሰው ቆጥሮት ማደሩን ያሳየዋል።

የሁለቱ ወገን ሰባኪዎች በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚወራወሩትን ልብ ብላችሁታል? «መናፍቅ!» «ጣዖት አምላኪ!» እየተባባሉ፣ መስቀል ወይም መጽሐፍ ቅዱስ እንደያዙ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው ኢትዮጵያዊ ከ62 በላይ የሚሆነው ክርስቲያን ነው ተብሏል። እንዲህ ያለች አገር በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 አስፈለጋት። አዋጁ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለሕግ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ያዕቆብ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምላስ ትንሽ ሆና ጫካ እንደምታቃጥል ሲጽፍ ለምን ፖሊስ አላስፈለገንም ብለን አላመንነውም?

ጫካው ደግሞ ተቃጥሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊትም፣ ከፈነዳም በኋላ፣ ሰውን በእንስሳና በበሽታ ስም መጥራት ተለምዶ ነበር። በግራም በቀኝም ከተሰለፉት ልጆች ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጠመንጃው እንዲቆም ሲያዝዝ የጠላትነት ፕሮፓጋንዳና የጥላቻ ንግግርም እንዲቆም አብሮ አዝዟል። ያንን አንቀጽ ሳነብ አፈርኩ። ቃል ከመድፍ ጋር በአንድ መስመር ተቆጥሮ ትጥቅ እንዲፈታ ታዘዘ። ይህን ሊነግረን የሚገባው የሰላም ስምምነት ነበር ወይስ የእሑድ ስብከት?

እዚህ ላይ «ያ የፖለቲካ ነው፤ እኔ የምናገረው እቤቴ ነው» የሚል ይኖራል። ወዳጄ፣ ሰውን በእንስሳ ስም መጥራት የተማርነው ከቴሌቪዥን አይደለም። «አህያ!» መባልን መጀመሪያ የሰማነው እቤታችን ነው፤ ቀጥሎ ክፍል ውስጥ፣ ከእንደ እኔ ያለ መምህር። ቴሌቪዥኑ ያገኘን ለምዶብን ነው።

የሚገርመው ደግሞ የቃል ድሆች አለመሆናችን ነው። ውኃ ላቀበለን ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ» እንላለን። ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ለሐዘንተኛ «እግዜር ያጥናሽ» አለን። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ ቆመን አሜን እንላለን። አንድ የውጭ አገር ባልደረባዬ «አይዞህ የሚለውን ቃል ተርጉምልኝ» ቢለኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር ፈጅቼም አልሆነልኝም። ይህን ሁሉ ሀብት ግን ለሠርግ፣ ለልደትና ለለቅሶ ብቻ እናወጣዋለን፤ እንደ እንግዳ ሳሕን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈንበታል። በአዘቦት ቀን የምንበላው በተሰነጠቀው ነው።

ክፉን ክፉ አትበሉ አላልኩም። ሌባውን ሌባ፣ ግፈኛውን ግፈኛ በሉት፤ ከተቻላችሁ ፊቱ ቆማችሁ። የተማሪውንም ስሕተት አርሙት። ሞቱ ባልደረባዬ በእርሳስ ዳር ዳሩን ይጽፍ የነበረው ምስጋና ብቻ አልነበረም፤ «ይህ አልሆነም፤ እንዲህ ብታደርገው ይሆናል» የሚልም ነበረበት። ልዩነታችን እሱ ተማሪው ከወረቀቱ እንዲያድግ ሲጽፍ እኔ ራሴ በተማሪው ላይ ቆሜ እንድረዝም መናገሬ ነበር። ተማሪዎቹ ለቀብሩ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ነበር። ይህንንም እሱ አላየውም።

እኔ ይህን ጽሑፍ እንደጨረስኩ የማደርገው ነገር አለ። የባንኩ ልጅ ያን ቀን የአድራሻ ካርዱን ሰጥቶኝ ነበር፤ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች። እደውልለታለሁ። ስለዚያች ጭስ ስለሸፈናት እንባ፣ ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን እነግረዋለሁ። ሃያ ዓመት ዘግይቷል፤ ምናልባትም ምንም አይለውጥም። እጁ እሺ ይለው ይሆን አይሆን አላውቅም። ግን አሁን ሁለታችንም ቋሚ ነን።

እናንተም አንድ ስልክ አይጠፋባችሁም። ቸር ሰንብቱ።